የሚያሳብቀው ባሩድ

የሃልቨር አውራጃ ሸሪፍ ጽሕፈት ቤት
የምስክር ቃል

ስም፦ ቨርነን ኦፍስታድ
ዕድሜ፦ 66
ሥራ፦ ጡረተኛ፤ ቀድሞ በእህል ጎተራ የሚዛን ሠራተኛ
አድራሻ፦ ሃልቨር አውራጃ፣ ሞንታና፤ ከከተማው በስተሰሜን አራት ማይል
ቀንና ሰዓት፦ ቅዳሜ ሜይ 14 ቀን 2022፣ ከቀኑ 9፡20
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሸሪፍ ኮሪ ብሬክ

እኔ ስሜ ከላይ የተመዘገበው ምስክር፣ ጠበቃ የማቆም መብት እንዳለኝ ተነግሮኝ እንደማያስፈልገኝ ከገለጽሁ በኋላ፣ ዛሬ ጠዋት 3፡25 ሰዓት ላይ በክለባችን የተኩስ ሜዳ ፒካፔን በተኳሾችና በኢላማዎቹ መካከል ለምን እንደነዳሁ ተጠይቄ የሚከተለውን ተናግሬአለሁ።

ለምን እንደነዳሁ ባጭሩ መመለስ እችላለሁ። የወንድሜ ልጅ ብሪታ ከምትተኩሳቸው ጥይቶች መካከል አንዱ ሽጉጡን እጇ ላይ ሊያፈነዳ የሚችል ነበር። ጥይቱን የሞላሁት እኔ ነኝ። ቃሌን የሚቀበሉት ምክትል ሸሪፍ ግን ከመጀመሪያው እንድጀምር አዘዙኝ። መጀመሪያው የት እንደሆነ በእርግጠኝነት አላውቅም። ሐሙስ ይመስለኛል።

ብሪታ ኦፍስታድ 31 ዓመቷ ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች። የዱር እንስሳትና የዓሣ ጥበቃ ዘበኛ ለመሆን አመልክታ በማርች ወር የጽሑፉንም የሩጫውንም ፈተና አለፈች፤ በሽጉጥ ተኩሱ ግን በሁለት ነጥብ ወደቀች። ሁለተኛውና የመጨረሻው ዕድሏ የፊታችን ማክሰኞ ነው። ለመለማመድ ጥይት ያስፈልጋታል። በሱቆች መደርደሪያ ላይ የልምምድ ጥይት ካየን ከዓመት በላይ ሆኖናል። እኛ ዘንድ ብዙ የሚተኩስ ሰው የተኮሰበትን ቀለህ ከመሬት ለቅሞ፣ አጥቦ፣ እሳት የሚጭር መለኮሻና ባሩድ ጨምሮ፣ አረር ገጥሞ መልሶ ይሞላዋል። እኔ ይህን ሥራ ሠላሳ ዓመት ሠርቼዋለሁ። በበረዶው ወራት በክለቡ አዳራሽ ጀማሪዎችን ሳስተምር ደግሞ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።

ባሩዱ ምን ዓይነት እንደነበር ተጠይቄ የሚከተለውን አስረድቻለሁ። ለሽጉጥ የሚሆን ባሩድ ብዙ ነው፤ እዚህ ጉዳይ ውስጥ የገቡት ሁለት ናቸው። አንደኛው እንደ ደረቀ ቅጠል ሰፋፊ ቅርፊት አለው፤ ቀላል ሆኖ ቦታ ይይዛል። ትክክለኛው ልክ ሲገባ ቀለሁ ከወገቡ በላይ ይሞላል። ሰው ተሳስቶ ሁለት ጊዜ ቢጨምርበት ሞልቶ ይፈስሳል፣ ጠረጴዛውን ያበላሻል፣ ስህተቱን አደባባይ ያወጣዋል። ሁለተኛው ደቃቅና ክብደት ያለው ነው። ጥቂቱ ብዙ ይሠራል፤ ከመስፈሪያውም እንደ ውኃ እኩል ይወርዳል። ልኩ ግን ከቀለሁ ግርጌ እንደ ቁንጥር ጨው ነው የሚቀመጠው። ሁለት ቁንጥር ቢገባበትም ቀለሁ ዝም ይላል።

በትምህርቱ ላይ የመጀመሪያውን ወሬኛው፣ ሁለተኛውን ቆጣቢው እላቸዋለሁ። ለጀማሪ ሁሉ የምናገረው አንድ ነገር ነው፦ ለልምምድ ጥይት የሚያሳብቅብህን ባሩድ ምረጥ። ወሬኛው ጥቀርሻ አለው፤ ከመስፈሪያው ሲወርድ ይንቀራፈፋል፤ ቶሎ ያልቃል። ይሁን። ያሳብቃል።

ሐሙስ ጠዋት ከተማው ውስጥ ካለው ሱቅ ባሩድ መጣ የሚል መልእክት ደረሰኝ። ከስምንት ወር በኋላ ነው። ሱቁ ሳይከፈት አሥራ አራት ሰው ተሰልፎ ደረስሁ። ሰዉ እንደ በዓል ይሳሳቅ ነበር፤ ያመጣውን ዶናት ለማያውቀው ሰው የሚያካፍልም ነበር። ከፊቴ የቆመችው የተኩስ ሜዳችን የደኅንነት ኃላፊ ጌይል ሳንድቪክ ናት። ዞር ብላ አስተማሪ ከደናቁርት ጋር ይሰለፋል ወይ ብላ ቀለደችብኝ። ለአንድ ሰው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነበር የሚሸጠው። ተራዬ ሲደርስ ባንኮኒው ላይ የቀረው አንድ ወሬኛና አንድ ቆጣቢ ነው።

ሁለቱንም አነሳኋቸው። በግራ እጄ ወሬኛው፣ በቀኝ እጄ ቆጣቢው። ከኋላዬ ያለው ሰው ያጉረመርማል። እዚህ ላይ ትክክለኛውን መናገር እፈልጋለሁ። ወሬኛው ለብሪታ ይበቃት ነበር። ለቅዳሜው፣ ለእሑዱ፣ ለሰኞውም ይበቃ ነበር። ይህን በልቤ አስልቼዋለሁ። ነገር ግን ቆጣቢው ለሦስቱ ቀን ሆኖ፣ ከዚያ ለእኔ እስከ ሴፕቴምበር፣ ከዚያም ለተማሪዎቹ ይተርፋል። ከስምንት ወር ባዶ መደርደሪያ በኋላ የመትረፍ ነገር ልቤን አሞቀው። ወሬኛውን አስቀመጥሁ። የኋላዬ ሰው እጄ ሳይለቀው ወሰደው። እኔ ቆጣቢውን ታቅፌ ስወጣ፣ ወደ ፒካፔ በሩጫ ነው የሄድሁት። በ66 ዓመቴ። ማንም አላሳደደኝም።

ማንም አላስገደደኝም ለማለት ነው ይህን የምናገረው።

ዓርብ ከቀኑ 10፡30 ጀምሮ ጋራዤ ውስጥ ሦስት መቶ ጥይት ሞላሁ። ማሽኔ አሮጌ ነው። ቀለሆቹ የሚቀመጡበትን ሳህን በእጄ ነው የማዞረው፤ አዲሶቹ ማሽኖች በራሳቸው ይዞራሉ። እጀታው ወደ ታች ሲሳብ ባሩዱ ቀለሁ ውስጥ ይወርዳል፤ ከዚያ ሳህኑን አዙሬ አረሩን እገጥማለሁ። ሳህኑ ሳይዞር እጀታው ሁለት ጊዜ ከተሳበ፣ ያው ቀለህ ሁለት ጊዜ ይጎርሳል። ስለዚህ ደንብ አለኝ። ሥራው በመሃል ከተሰናከለ፣ በዚያች ሰዓት ሳህኑ ላይ ያለው ቀለህ፣ ባሩድ ገባው አልገባው ሳይባል፣ ወጥቶ ቀዩ ኩባያ ውስጥ ይደረጋል። ከማሽኑ በስተግራ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ የቆርቆሮ ኩባያ ነው። በማግስቱ ይደፋና እንደ አዲስ ይጀመራል። ይህን ደንብ ለተማሪዎቼ በወረቀት አባዝቼ ሰጥቻለሁ።

ብሪታ ከአውቶቡስ ሥራዋ ወጥታ 11፡00 ላይ መጣች። እጀታውን አልነካችም። ከጠረጴዛው ወዲያኛው ጫፍ ቆማ ያለቀላቸውን ጥይቶች በጨርቅ እየወለወለች ሃምሳ ሃምሳ በሳጥን ትደረድር ነበር። በማርች የፈተናትን ሰው እያስመሰለች ታስቀኝ ጀመር። ሰውየው የሱፍ ፍሬ እያላመጠ ነበር አሉ የሚፈትነው፤ ቅርፊቱን ወደ ያዘው ኩባያ ሲተፋ የሳተውን ሁሉ እሷ ከሳተችው ጋር ሳይደምርባት አልቀረም። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። በዚህ መካከል መለኮሻው ተሰንቅሮ እጀታው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ወደ ላይ መልሼ በጣቴ አላቀቅሁት። በትክክል አስታውሰዋለሁ፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ነው እንዲህ ያለችኝ፦

«አጎቴ፣ ማክሰኞ ካለፍሁ መጀመሪያ የማስቆመው መኪና ያንተን ነው። የዓሣ ፈቃድ አምጣ ብዬ።»

«የእኔ ፈቃድ አንቺን በዕድሜ ይበልጥሻል» አልኋት።

እጀታውንም ሳብሁ። ሥራዬንም ቀጠልሁ። 1፡00 ላይ ስድስቱን ሳጥን ይዛ ሄደች።

(ምስክሩ እዚህ ላይ ውኃ ጠይቀው ጠጥተዋል።)

ዛሬ ቅዳሜ በደስታ ነው የነቃሁት። ቁርሴን በልቼ የእሑዱን ጥይት ለመጀመር 2፡50 ላይ ጋራዥ ገባሁ። እንደ ልማዴ መጀመሪያ ቀዩን ኩባያ ከሚስማሩ አውርጄ ልደፋው ዘቀዘቅሁት። ምንም አልወደቀም። ሌላ ጊዜ ባዶ ኩባያ ማለት ሥራው ሳይሰናከል ያለቀበት ቀን ማለት ነው። ትናንት ግን ተሰናክሏል። እጀታው ከመቆሙ በፊት ባሩዱን እስኪጥል ድረስ ወርዶ ነበር ወይስ አልነበረም? እጄን ጠየቅሁት። እጄ አያውቅም። ሳቁን ብቻ ነው የሚያስታውሰው።

ከሦስት መቶው አንዱ።

ጥይቶቹን በሚዛን መለየት ይቻል እንደሆነ ተጠይቄ፣ አይቻልም ብያለሁ። ቀለሆቹ ከልዩ ልዩ ፋብሪካ የተለቃቀሙ ስለሆኑ በመካከላቸው ያለው የክብደት ልዩነት ከአንድ ቁንጥር ባሩድ ይበልጣል። ዕድሜዬን ሙሉ እህል ስመዝን ኖሬ ይህችን ግን ሚዛን አይነግረኝም። አረሩን እያላቀቁ አንድ በአንድ ውስጡን ከማየት በቀር መንገድ የለም። ቀለሁ ወሬኛውን ቢሆን የጎረሰው፣ ዓርብ ዕለት ጠረጴዛዬ ላይ ፈስሶ፣ ብሪታም ስቃብኝ፣ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር።

የብሪታን ስልክ ሦስት ጊዜ ደወልሁ። ሜዳው ሸለቆ ውስጥ ስለሆነ ኔትወርክ የለውም። ወደ አዳራሹ የመስመር ስልክም ደወልሁ፤ ሁሉም ውጭ ሜዳው ላይ ስለሆኑ የሚያነሣው አልነበረም። ልምምዱ በ3፡00 ይጀመራል። 2፡55 ላይ ፒካፔን አስነሳሁ። ከቤቴ እስከ ሜዳው 19 ማይል የጠጠር መንገድ ነው። በስምንተኛው ማይል ላይ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር የሞላ የዘር ማሽን የሚጎትት ትራክተር ገጠመኝ። ነጂው በመስኮት እጁን አውጥቶ ሰላም አለኝ። እኔም ሰላም አልሁት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ እጄ በራሱ ተነሣ። ከዚያ ወደ መንገዱ ዳር ቦይ ወርጄ አለፍሁት። በተዘራ መሬት ላይ ወደ መቶ ሜትር ነድቻለሁ፤ ይህም ይመዝገብልኝ።

በመንገዱ ሁሉ ስቆጥር ነበር። የሽጉጧ አንድ ካዝና አሥር ጥይት ይይዛል። አሥር ተኩሳ ትሞላለች። ልብ ብላ ነው የምትተኩሰው፣ አትቸኩልም። በደቂቃ ስንት? እያንዳንዱ ማይል ስንት ጥይት ነው? ፍርሃት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ሰውነቴ የፍርሃት አልነበረም፤ ሐሙስ ዕለት ከሱቁ ስሮጥ እንደ ነበረው ነው የነበረው። ያው ልብ፣ ያው ምት። ይህ እስከ አሁን ያሳፍረኛል።

ዋናው በር በወዲያኛው በኩል ሦስት ማይል ያስዞራል። ስለዚህ በጀርባ ባለው የአገልግሎት በር ሄድሁ። በሰንሰለት ታስሯል። በጥሼ ገባሁ። መስኮቴን ስከፍት ተኩሱ ይሰማል። ከኢላማዎቹ ኋላ ጥይት ከሚያስቆመው የአፈር ክምር ጀርባ ቆሜ የመኪናውን ጥሩንባ ነፋሁ፤ ሁሉም የጆሮ መከላከያ ስላደረጉ ማንም አልሰማኝም። ሮጬ በጎን ልዞር አሰብሁ። ጉልበቴን አውቀዋለሁ፣ አራት ደቂቃ ይፈጅብኛል። አራት ደቂቃ ሁለት ካዝና ነው። ክምሩን ዞሬ ከኢላማዎቹ ፊት ወጣሁ። ለጀማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ሰዓት፣ ማንም ሰው በምንም ምክንያት አያድርገው የምለውን ነው ያደረግሁት።

ጌይል በፊሽካዋ ተኩሱን አስቆመች። ሰባት ተኳሾች ነበሩ። ብሪታ ከግራ ሦስተኛዋ ናት። ሽጉጡን ወደ መሬት አድርጋ ቆማለች። እጆቿን አየሁ። ሁለቱም አሉ።

ከመኪናው ወርጄ እንዳትተኩስ፣ ጥይቶቹን እንዳትነካ ነገርኋት። እሷ ከእኔ ይልቅ የተረጋጋች ነበረች፦

«አጎቴ፣ መጀመሪያ ከኢላማው ፊት ውጣ። ከዛ እናወራለን።»

ጌይል መጥታ የመኪናዬን ቁልፍ ከእጄ ወሰደች። ከተኩስ መሥመሩ ፊት ሰው ከተገኘ ለሸሪፍ መደወል ግዴታዋ ስለሆነ፣ ምክንያቱን ሳትሰማ በአዳራሹ የመስመር ስልክ ደውላለች። አልወቅሳትም፤ ደንቡን አብረን ነው የጻፍነው። ከዚያ ወደ እኔ ተመልሳ፦

«ቨርን፣ ኢላማ አንሶናል ብለን ነበር፤ አንተ መጣህልን። በል አሁን ተናገር» አለችኝ።

በአንድ ትንፋሽ ተናገርሁ። ቆጣቢውን፣ እጀታውን፣ ቀዩን ኩባያ። የሳቀ አልነበረም። ጌይል ብሪታን ስንት እንደቀራት ጠየቀቻት። መቶ አርባ ተኩሳለች፤ የቀረው መቶ ስድሳ ነው። መቶ አርባ ጊዜ ቃታ ስባለች ማለት ነው፣ እኔ በመንገድ ትራክተር ሰላም እያልሁ።

ከዚያ የሆነውን ምክትል ሸሪፉ ራሳቸው 4፡10 ላይ ደርሰው በከፊል አይተውታል። ሰባቱም ተኳሾች የየራሳቸውን ልምምድ ትተው የአረር ማላቀቂያ መዶሻቸውን ከመኪናቸው አመጡ። የሌላቸው ቀለህ አቀባይ ሆኑ። ከአዳራሹ ለምሳ የተዘጋጀ ነጭ የወረቀት ሳህን መጣ። በሦስት ፒካፕ የኋላ መዝጊያ ላይ መዶሻ ይወርዳል፤ አረሩ ይላቀቃል፤ ባሩዱ ሳህኑ ላይ ይደፋል። እያንዳንዱ ሰው ያየውን ጮክ ብሎ ይጠራል፦ አንድ ቁንጥር። አንድ ቁንጥር። አንድ ቁንጥር። መጀመሪያ ፊታቸው የጠቆረብኝ ሰዎች ጥቂት ቆይቶ ማን ይቀድማል መባባል ጀመሩ። ሃምሳ ሲሞላ አንዱ አጨበጨበ። ሰማንያ ሲሞላ እኔም እንደነሱ ልቤ ተነሣ፤ ምናልባት የለም፣ ምናልባት ያን ጊዜ እጀታው ምንም አልጣለም ነበር አልሁ። የሽማግሌ ቅዠት ሆኖ ቢቀር፣ ሲስቁብኝ ቢውሉ፣ ዕድሜ ልኬን ቢስቁብኝ ብዬ ተመኘሁ።

በዘጠና አራተኛው ላይ ጌይል አልጠራችም። ሳህኑን ያዘችና ወደ እኔ ዘረጋችው።

ሁለት ቁንጥር ነው። ከሌላው ሳህን ጎን ሲቀመጥ ልጅም ይለየዋል። ብሪታ ቀረብ ብላ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ይቺን ታክላለች?» አለች።

ጥይቱ ከየትኛው ሳጥን እንደወጣ ጌይል ልትነግረኝ ስትል አስቆምኋት። ስንት ቃታ ይቀራት እንደነበር ማወቅ አልፈልግም። ምክትል ሸሪፉ በማስረጃው ላይ ጽፈውታል፤ ያውቁታል። እንዳይነግሩኝ ለምኛቸው እሺ ብለዋል። ሰው ግን የማያውቀውን ነገር ነው በየቀኑ የሚቆጥረው። ይህን ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ተረድቻለሁ።

የቀሩት ስድሳ ስድስት ጥይቶችም ተላቅቀው ታይተዋል። ሁሉም ደኅና ናቸው።

ቃሌ እስከዚህ ከተጻፈ በኋላ ምክትል ሸሪፉ ብሪታ ኦፍስታድ ቀደም ብላ በ8፡00 ሰዓት የሰጠችውን ቃል አነበቡልኝ። በቃሏ ላይ ቆጣቢው ይሻላል ብላ ያስገዛችኝ እሷ እንደሆነች፣ ዓርብ ዕለትም ማሽኑ ሲሰናከል እጀታውን የያዘችው እሷ እንደነበረች፣ አጎቷ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ሳጥን ይደረድር እንደነበር ተመዝግቧል። በዚህ ላይ ምን እንደምል ተጠይቄ፣ ሐሰት ነው ብያለሁ። ሐሙስ ባሩዱ በሚገዛበት ሰዓት እሷ አውቶቡስ ላይ ነበረች፤ ጌይል ሳንድቪክ ሰልፉ ላይ ብቻዬን አይታኛለች። እጀታውንም በሕይወቷ አልነካችውም፤ እንዳትነካ የከለከልኋት እኔ ነኝ።

ለምን እንዲህ ያለች ይመስልዎታል ተብዬ ተጠይቄአለሁ። ይመስለኛል አልልም፤ ነግራኛለች። ከሜዳው ወደዚህ በመኪናዋ ስታመጣኝ፣ ጥይቱን በቸልተኝነት የሞላ ሰው ከእንግዲህ በክለቡ እንደማያስተምር ጌይል የነገረችኝን አነሣሁባት። መንገድ መንገዱን እያየች እንዲህ አለችኝ፦

«አጎቴ፣ አንተ ከዛ አዳራሽ ከወጣህ በረዶውን በምን ታሳልፈዋለህ? እኔ አውቶቡስ መንዳት አልጠላም። ዝም በል በቃ።»

ቃሏ እንደሰጠችው ቢያዝ ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። ለዘበኝነት የሚያመለክት ሰው ከማመልከቻው በኋላ ለፖሊስ የሰጠውን ማንኛውንም ቃል ለመሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ አለበት። በመሣሪያ ጉዳይ ቸልተኛ መሆኗን በራሷ አንደበት ያመነችን ሴት ማክሰኞ ወደ ተኩሱ ሜዳ አያስገቧትም። እሷም ታውቃለች። አውቃ ነው።

ስለዚህ ይህ ቃሌ ከብሪታ ኦፍስታድ ቃል ጋር በሚጋጭበት ቦታ ሁሉ የእኔ እንዲያዝ እጠይቃለሁ። ባሩዱን የመረጥሁት እኔ ነኝ። የሚሻለውን አውቄ፣ በግራ እጄ ይዤው፣ ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ። እጀታውን የሳብሁት እኔ ነኝ። ኩባያውን የረሳሁት እኔ ነኝ። በዚህ ምክንያት ከማስተማር እንደምታገድ፣ በሰንሰለቱና በተዘራው መሬት እንደምጠየቅ፣ የተኩስ መሥመር በማቋረጤም ክስ ሊመሠረትብኝ እንደሚችል ተነግሮኝ ገብቶኛል። እሷ ይህን ስትሰማ ትቆጣኛለች። ትቆጣ። ማክሰኞ በሁለት እጇ ትተኩስ።

የተጻፈው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። የጨመርሁት የለም፤ የቀነስሁትም አንድ የሳጥን ቁጥር ብቻ ነው፤ እሱንም ስለማላውቀው ነው። እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ቨርነን ኦፍስታድ
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ ምክትል ሸሪፍ ኮሪ ብሬክ
ከቀኑ 10፡45

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በኮሪደሩ ትጠብቅ የነበረችው ብሪታ ኦፍስታድ 10፡55 ላይ ተጠርታ ከዚህ ቃል እሷን የሚመለከተው ክፍል ተነቦላታል። «ግትር ሽማግሌ» ብላ፣ በ8፡00 ሰዓት የሰጠችውን ቃል በገዛ እጇ ሰርዛ ፈርማለች። ኮ.ብ.